የማዕድ ምርመራ

ኤልዳና ቦምቦሊኖዋን የምትበላው ፊቷን ወደ ብረቱ ግድግዳ አዙራ ነው። ከጎኗ የቆመው ሰውዬም እንደ እሷው ወደ ብረቱ ዞሯል። ከእሱ ቀጥላ ያለችው፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ የሳበች ሴትም እንደዚያው። በጋሼ ናሆም ኮንቴነር ውስጥ ሰላምታ የለም። ሁሉም መታየት ስለማይፈልግ ሁሉም አያይም። የሚሰማው የማኘክ ድምፅ ብቻ ነው።

ጋሼ ናሆም አዳማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ጎሚስታ ቤት አላቸው። ከፊት ለፊት የባጃጅ ጎማ ይለጥፋሉ፤ ሹፌር የሌላቸው ባጃጆች ጎማቸው ሲተነፍስ ራሳቸው እየመጡ ይሰለፋሉ። ከኋላ፣ በአሮጌ ጎማ ክምር መሐል በቀጭን መተላለፊያ ሲገቡ ኮንቴነሩ አለ። የኮንቴነሩ ጥቅም ወፍራም ብረት መሆኑ ነው። ብረት ውስጥ ልጓም ደንቆሮ ነው።

ልጓም ከግራ ጆሮ በታች ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ የምስር ፍሬ የሚያህል ነገር ነው። የሌለው ሰው የለም። የሆድን ጥሪ ያለዝባል፤ የመብል ሰዓት ሲደርስ በቆዳው ውስጥ አረንጓዴ ያበራል፣ ሰውም ይበላል። መብራቱ ሲጠፋ ይነሳል። ያለ ሰዓቱ የበላ ቢጫ ይበራበታል፤ ከደገመ ቀይ። ቀይ የበራበት ይጠራል። ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ ወፍራም ሰው ከከተማው ከጠፋ ቆይቷል፣ የስኳር በሽታን ልጆች የሚያውቁት ከትምህርት ነው፤ ይህን ያመጣውን ልጓም ክፉ ነው ብሎ ደፍሮ የሚናገር የለም።

ነገር ግን ልጓም የሚይዘው ሆድን ነው። ሆድ ሳይራብ ጭንቅላት የሚራብበት ሰው ምን ይሁን? ኤልዳና ምሳዋን በአረንጓዴዋ በልታ፣ ጠግባ፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሥራዋ በጣቢያው ድምፅ ማጉያ የባቡሮችን መምጣትና መሄድ ማስታወቅ ነው። መኪናው ያለ ሹፌር ይሂድ የሚለው ሕዝብ ባቡር መምጣቱን ግን ከሰው አፍ ካልሰማ አያምንም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ «ወደ ድሬዳዋ የምትጓዙ» እያለች ስለ ቦምቦሊኖ ታስባለች። ሆዷ ዝም ብሏል፤ የሚለምናት ሌላ ነው። ከአለቃዋ ጋር የተጋጨች ዕለት ይለምናታል፣ ባሏ ከሰመራ ሳይደውል የዋለ ዕለት ይለምናታል፣ ምንም ያልሆነችበት ቀንም ይለምናታል። የመጀመሪያው ቦምቦሊኖ ይጣፍጣል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ ያሉትን አታውቃቸውም፤ እጇ ያመጣል፣ አፏ ይቀበላል፣ እሷ ራሷ ከጎን ቆማ የምታይ ይመስላታል። ሲያበቃ ጣቶቿን በሻርፗ ትጠርግና ሰው እንዳየው ሌባ እየተሽቆጠቆጠች ትወጣለች።

በዚያ ሰኞ ስልኳ የተንቀጠቀጠው ከኮንቴነሩ እግሯን እንዳወጣች ነው። ቀይ አንድም ጊዜ በርቶባት አያውቅም፤ መልእክቱ ግን ቅዳሜ ጠዋት ለማዕድ ምርመራ አንድ አጃቢ ዘመድ ይዛ እንድትቀርብ ይላል።

ጋሼ ናሆም ጎማ እያገላበጡ ቀና አሉ። ፊቷን ማየት በቅቷቸዋል።

«መጣልሽ?»

«መጣ፣ ጋሼ።»

«አይዞሽ ልጄ» አሉና ወደ ጎማቸው ተመለሱ። ከዚህ በላይ የሚባል ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

ምርመራው ቀላል ነው፤ የሚያስፈራውም ቀላልነቱ ነው። ልጓምሽን ያጠፉታል። የምትወጂውን ምግብ ሞልተው ያቀርቡልሻል። የሚፈለግብሽ ነገር አንድ ነው፤ ሳህኑ ላይ ተርፎ መነሳት። መነሳት ያቃተው ሰው ይረጋጋል። «ማረጋጋት» የተባለው ሁለተኛው ልጓም ነው፤ እሱ ከሆድ ጋር ጉዳይ የለውም። ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ «እንደገና» የሚለው ምኞት ከሚወለድበት ቦታ ላይ ይቀመጣል።

ኤልዳና ማረጋጋት ምን እንደሆነ ከሰው አልሰማችም፤ ታናሽ እህቷ ብሌን ተረጋግታለች።

ብሌን የምትኖረው በዚያው ሕንፃ፣ ከኤልዳና አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ነው። ልጅ ሆነው ልጓም ገና የሀብታም ነገር በነበረበት ዘመን፣ እናታቸው ስታጎርሳቸው ብሌን የኤልዳናን ተራ አትጠብቅም ነበር። አፏን ከፍታ «ድገሚኝ!» ትላለች። ዘፈን ሲያልቅ ድገሙኝ፣ ተረት ሲያልቅ ድገሚኝ፣ ዥዋዥዌ ሲቆም ድገሙኝ። እናታቸው «ይቺ ልጅ የድገሙኝ ልጅ ናት» እያለች ትስቅ ነበር። ትልቅ ሆና በምርመራ የወደቀችውም በዚሁ ነው፤ ከማዕዱ መነሳት አልቻለችም። አረጋጓት።

አሁን ብሌን ጤነኛ ናት። ሰዓት ታከብራለች፣ ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ለሰው ትሕትና አላት። አረንጓዴ ሲበራ ትበላለች፣ ሲጠፋ ታቆማለች፤ ስልክ ቻርጅ የሚደረግ ይመስላል። እጮኛዋ ሲመጣ ደስ አላላትም፣ መምጣቱን ሲተውም አልከፋትም። ከዚያ ወዲህ «ድገሚኝ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ውሃ እንኳ ጨምሪልኝ አትልም።

ኤልዳናን እንቅልፍ የሚነሳት ግን ሌላ ነገር ነው። አምስት ዓመት የሆናት ልጅ አለቻት፣ ሚልካ። ሚልካ ገና ሕፃን ሳለች ብሌን ከእቅፏ አታወርዳትም ነበር። አሁን ልጅቷ እየሮጠች አንገቷ ላይ ስትጠመጠም ብሌን እንዳትወድቅ ጀርባዋን ትይዛታለች። ትይዛታለች፣ በቃ። አንድ ቀን ኤልዳና አልቻለችም፤

«ብሌንዬ፣ ሚልካን ስታያት ምን ይሰማሻል?» አለቻት።

«እንደምወዳት አውቃለሁ።»

«ይሰማሻል ወይ ነው ያልኩሽ።»

ብሌን ትንሽ አሰበች። «አውቃለሁ አልኩሽ እኮ» አለች።

ሰኞ ማታ ኤልዳና የሚልካን ምሳቃ ከፍታ ከፊቷ አስቀመጠችላት። የልጅ አረንጓዴ ከእናት ይቀድማል፤ ስለዚህ እናት ልጇ ስትበላ ታያለች፣ ቀጥሎ ልጅ እየተጫወተች እናት ትበላለች። አብሮ መብላት የሚባለው በዚህ ቤት መተያየት ነው። ሚልካ እግሯን እያወዛወዘች መዋዕለ ሕፃናት የተማረችውን ትዘምራለች፤

«ግሬሊን ይጣራል፣ ሌፕቲን በቃ ይላል፣ ዶፓሚን ይለምናል፣ ልጓም ዝም ያሰኛል!»

ከዚያ ድንገት ቆም አለችና «እማ፣ ማጉረስ ምንድን ነው?» አለች።

«የት ሰማሽው?»

«ግድግዳው ላይ። ቲቸር አነበበችልን። ‹ማጉረስ ማጥቃት ነው› ይላል።»

ኤልዳና በሩን አየት አደረገች፤ ለምን እንዳየችው አታውቅም። «ድሮ ሰው ለሰው በእጁ ያበላ ነበር። ሲወደው።»

«ሰዓቱ ሳይደርስ?»

«ሰዓት አይጠየቅም ነበር።»

ሚልካ ይህን እንደ ትልቅ ቀልድ ወሰደችው። አንገቷን ወደኋላ ጥላ፣ ያቺን የጠፋች የፊት ጥርሷን ቦታ እያሳየች ሳቀች። ኤልዳና ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ዘለለ። ሁልጊዜ ይዘላል። ይቺ ዝላይ ናት ቅዳሜ ልትወሰድባት የምትችለው። ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ቦምቦሊኖውም ይቅር፣ ባቡሩም ይቅር። የልጇን ሳቅ ሰምታ «እንደምወዳት አውቃለሁ» የምትል ሴት ሆና መኖርን ማሰብ እንኳ አልቻለችም።

ለመጾም የወሰነችው ያን ጊዜ ነው። «ሆድ ጌታውን የሚያውቀው በጾም ነው» ትል ነበር እናታቸው፤ ነፍሷን ይማር፣ ዐቢይ ጾም አንድም ቀን አላመለጣትም። ኤልዳና ኮንቴነሩን እንደ ኃጢአት ነው የምታየው፣ ለኃጢአት ደግሞ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። እስከ ቅዳሜ ሥጋዋን ታደክማለች፣ ከማዕዱ ፊት እንደ መነኩሲት ትቀመጣለች፣ ንክች ሳታደርግ ትነሳለች። ልጓምም አያጋልጣትም፤ የበላውን እንጂ ያልበላውን የሚቀጣበት መብራት አልተሠራለትም።

ማክሰኞ አረንጓዴዋ በራ፤ ፊቷን አዞረች። እየኮራች ዋለች። ረቡዕ ልጓሙ ከጆሮዋ ሥር ይሞቃት ጀመር። የለመደው የአንድ ምሳ ረሃብ ነበር፣ ይህን ማለዘብ እያቃተው ነው። ሐሙስ «ወደ ድሬዳዋ» ማለት ስትጀምር የመንገደኞቹ ሻንጣዎች ከመስታወቱ ማዶ ሁሉም ክብ ሆነው ታዩዋት። ዓርብ በኮንቴነሩ በኩል እንዳታልፍ መንገድ ለወጠች፤ በአዲሱ መንገድ ላይ ግን ነፋሱ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ የዘይት ሽታ ተከተላት። የአዳማ ነፋስ ምሥጢር አይጠብቅም። ቤቷ ገብታ ውሃ ጠጣችና ተኛች። ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት የሚባለውን እናቷ ሳትነግራት ቀርታ አይደለም፤ እሷ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ መስሏት ነበር።

ቅዳሜ ብሌን በሰዓቷ በሩ ላይ ቆማ ተገኘች። ሚልካን ከጎረቤት ተዉና ወጡ።

የምርመራው ክፍል ነጭና ሰፊ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ። መርማሪው ኢዮስያስ የሚባል፣ ግራጫ ጋዋን የለበሰ ወጣት ነው። ቆሞ ተቀበላቸው፤ ወንበር ሳበላቸው።

«አይጨነቁ እሺ፣ እመቤቴ። ልጓምዎን ሳጠፋው ትንሽ ያዞርዎታል» አለና ከጆሮዋ ሥር አንድ ነገር አስነካት።

አዞራት። ከዚያ የሳምንቱ ረሃብ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መጣ። ምራቋ ሞላ፣ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። ሰሌዳው ላይ የረሃብ፣ የምኞትና የ«በቃ» ሦስት መስመሮች በሩ። ኢዮስያስ የመጀመሪያውን አይቶ ፊቱን አኮሳተረ።

«መቼ ነው የበሉት?»

ኤልዳና ዓይኗን ከሰሌዳው ወደ ወለሉ አወረደች።

«ጾመው ነው የመጡት።» አልተቆጣም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ። ምርመራው የሚፈልገው የዘወትሩን ሰው ነበር፣ እናንተ የፋሲካ ዋዜማ ሰው ሆናችሁ ትመጣላችሁ። የረሃብ ሆርሞን እዚህ ከደረሰ በኋላ ጭንቅላት ምን ይሰማል? እንኳን ቦምቦሊኖ፣ ድንጋይም ይጣፍጠዋል።»

«ታዲያ በልቼ ሌላ ቀን ልምጣ። እባክዎ።»

«ማዕድ ከቀረበ አይመለስም» አለ። እውነትም በሩ ተከፍቶ ሳህኖቹ ይገቡ ነበር።

የገባው ትኩስ ቦምቦሊኖ ነው፤ ተራራ የሚያህል። ከጎኑ በቅቤና በማር የራሰ ጨጨብሳ። ሌላ ምንም የለም። ማን እንደነገራቸው፣ ከየት እንዳወቁ አልጠየቀችም። የኮንቴነሩን ወፍራም ብረት አሰበችና ለአፍታ ፈገግ ለማለት ዳዳት።

«ሲበቃዎ ይነሳሉ» አለ ኢዮስያስ። «ጊዜ አልወስንም።»

ኤልዳና እጆቿን ጭኖቿ መሐል ቀበረች። ሚልካን አሰበች። የጠፋችውን ጥርስ፣ ሳቋን። ንክች አላደርግም አለች በልቧ። ይህን ስትል ቀኝ እጇ ከጭኖቿ መሐል ወጥቶ ሄዶ ነበር።

የመጀመሪያው ጣፈጣት። ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ጣፈጣት። ሁለተኛውን ሳታውቀው ያዘችው። ከዚያ ያቺ ከጎን ቆማ የምታየው ሴት መጣች፤ ኤልዳና በሷ ዓይን ራሷን አየች፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ አንዱን ሳትውጥ ሌላውን ስታነሳ፣ ማር በክርኗ ሲወርድ። ማቆም ፈለገች። በእውነት ፈለገች። ፍላጎቷና እጇ ግን ከተለያዩ ቆይተዋል። ሰሌዳው ላይ የምኞቱ መስመር ሽቅብ ይሮጣል፤ «በቃ» የሚለው ሦስተኛው መስመር እንደተኛ ነው። እሱ ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ጊዜ አትሰጠውም። ኢዮስያስ ቁልቁል ማየት ጀምሯል። ብዙ ሰው ሲወድቅ ያየ ነው፤ ማየቱን ግን አልለመደውም።

የብሌን ወንበር ሲንፏቀቅ ተሰማ።

ብሌን ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ ተጠግታ ተቀመጠች። በግራ እጇ የእህቷን ሁለት እጆች ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ያዘች። በቀኝ እጇ ከጨጨብሳው ቆረስ አደረገች፣ ማሩን ጠረግ አድርጋ ወደ ኤልዳና አፍ አቀረበች።

«ብሌን፣ ተይ! ክልክል ነው» አለች ኤልዳና በሞላ አፏ።

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ያፍሽን ዋጪ።»

ዋጠች። ብሌን አጎረሰቻት።

«አኝኪ።»

«እመቤቴ፣ አጃቢ ማዕድ አይነካም!» ኢዮስያስ ብድግ አለ። ምን እንደሚያደርግ ግን የተማረው አልነበረም፤ ሰው ሲያጎርስ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ቆሞ ቀረ።

ብሌን አልቸኮለችም። ለመቸኮል የሚያስፈልገው ነገር ከውስጧ ከወጣ ቆይቷል። ኤልዳና አኝካ እስክትውጥ፣ ጉሮሮዋ ወርዶ እስኪያርፍ ትጠብቃለች። ከዚያ ሌላ ትቆርሳለች። ኤልዳና መጀመሪያ እጇን ለማስለቀቅ ታገለች፤ በኋላ ተወችው። የሚቀጥለው ጉርሻ መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው ሌላ ሰው ሲሆን ለካ ሰውነት መጠበቅ ይችላል። ትንፋሿ ረዘመ። የጨጨብሳው ጨው፣ የማሩ ጭስ ጭስ ማለት ይለይላት ጀመር። ሰሌዳው ላይ የሮጠው መስመር እያነከሰ ወረደ። የተኛው መስመር ቀስ ብሎ ተነሳ።

«በቃኝ» አለች ኤልዳና።

ቃሉ ከራሷ አፍ መውጣቱ አስደነገጣት። ሳህኑ ላይ ከግማሽ በላይ ተርፏል።

ኢዮስያስ ጥግ ላይ ቆሞ ከማን ጋር እንደሆነ በማይታወቅ መንገድ ለረጅም ጊዜ አወራ። ሲመለስ ፊቱ በላብ ርሶ ነበር።

«የእርስዎ ምርመራ አልተቆጠረም» አላት ለኤልዳና። «በሰው እጅ የተበላ አይለካም። የጎረሰ ሰው ተጠቂ ነው፣ አይጠየቅም። ከክረምት በኋላ በልተው ይመጣሉ።» ወደ ብሌን ዞረ። «እርስዎ ግን አጥቅተዋል። ለአንድ ዓመት ከማዕድ ተለይተዋል። ሲበሉ በክንድ ርቀት ማንም አይቀመጥም፤ የተቀመጠ ይጠየቃል።»

«እሺ» አለች ብሌን።

ኤልዳና የዳነች መሆኗ ገና እየገባት ሳለ ብሌን ወደ እሷ ዞረች። ከዚያ አፏን ከፈተች።

አላዛጋችም፣ የምትናገረውም አልነበራትም። ከፍታ ጠበቀች። ድሮ የጎረሰ ያጎርሳል፤ ወጉ ነው፣ ሕፃን ያውቀዋል። የኤልዳና እጅ ሳታውቀው ወደ ሳህኑ ሄደ።

«እንዳያደርጉት!» አለ ኢዮስያስ። ልመና የሚመስል ድምፅ ነበር። «ከመለሱላት ተባባሪ ነዎት። ዛሬውኑ ያረጋጉዎታል። ልጅ የለዎትም እንዴ?»

ሚልካ አንገቷን ወደኋላ ጥላ ስትስቅ ታየቻት። ኤልዳና እጇን መለሰችና ከጠረጴዛው ሥር ደበቀችው።

ብሌን ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ አፏን ዘጋች። አልተቀየመችም፤ ለመቀየም የሚሆን ነገር የላትም። ኤልዳናን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ነፋሱ አቧራ እያነሳ ይመታቸዋል፤ ከኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይዞራሉ። ልጓሟ እንደገና ስለበራ ረሃብ የሚባል ነገር የለባትም።

«ለምን አደረግሽው?» አለች ኤልዳና።

«ስትቸኩዪ አየሁ።»

«አሳዘንኩሽ?»

«ማዘን አይመስለኝም።» ብሌን ከልቧ ለመመለስ ትሞክራለች፤ መዋሸት አትችልም። «እማዬ ስንስገበገብ እጃችንን ይዛ ታጎርሰን ነበር። ያ ትዝ አለኝ፣ እጄ ሄደ።»

«አፍሽንስ?»

ብሌን ጥቂት እርምጃ ተራመደች። «እሱን አላውቅም» አለች። ይህን ስትል ግንባሯ ላይ ትንሽ መጨማደድ ታየ፣ የጠፋባትን ዕቃ የት እንዳኖረች እንደምታስብ ሰው።

ማታ ሚልካ ከጎረቤት እየሮጠች መጥታ የእናቷ እግር ላይ ተጠመጠመች። ከሶፋው ላይ ስትዘል ትራሱ ከሥሯ ተንሸራቶ በቂጧ ወደቀች፤ መውደቋ ራሷን አሳቃት። የኤልዳና ደረት ውስጥ ያ ነገር ዘለለ። አሁንም አለ። አልወሰዱባትም። ደስታው እስከ ጣቶቿ ድረስ ሞቃት፣ ወዲያው ተከትሎ የተከፈተ አፍ ታያት። ያተረፈችው ስሜት የመጀመሪያ ሥራው ይህን መሸከም ሆነ።

አረንጓዴዋ በራ። እንጀራውን ቆረሰች፣ ምስሩን ጠቀለለች፣ ወደ አፏ አነሳችው። አልገባም። ሰው አላየኝም ብላ ስትበላ የኖረች ሴት፣ ሕጋዊ እራቷን ከልጇ ፊት መጉረስ አቃታት። እናቷ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ትል ነበር፤ ከእናቷ ቃል ጾሙን ብቻ መርጣ ይህቺን ለምን እንደረሳቻት አሁን ራሷን ታዘበች። ጥቅሉን ወደ ምሳቃው መለሰችው።

«ሚልካዬ፣ አክስትሽ ጋ ደርሼ መጣሁ። በሩን ክፍት አደርገዋለሁ፣ እሺ?»

«እሺ» አለች ሚልካ ከሶፋው ላይ፣ ለሌላ ዝላይ እየተዘጋጀች።

ብሌን በልታ ጨርሳ ጠረጴዛዋን እየወለወለች ነበር። ከጆሮዋ ሥር መብራቱ ጠፍቷል። ኤልዳና ወንበር ስባ፣ ከክንድ ርቀት ውስጥ፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። ምሳቃውን ከፈተች።

«አፍሽን ክፈቺ።»

«ኤልዱ፣ ቢጫ ይበራብናል። ላጎረሰም ለጎረሰም።»

«ይብራ። ጠዋት ልመልስልሽ ነበር፣ ፈርቼ ነው።»

ብሌን ይህን አመዛዝና ልክ እንደሆነ ያገኘችው ይመስል አፏን ከፈተች። ኤልዳና አጎረሰቻት። ብሌን ማኘክ ስትጀምር ከጆሮዋ ሥር ቢጫ በራ፤ ኤልዳናም የራሷ ልጓም ሲሞቃት ተሰማት። ብሌን አኘከች። እንደ ሁልጊዜዋ አልነበረም፤ መሐል ላይ ቆም አለች፣ እንደገና አኘከች፣ ዋጠች።

ከላይ በክፍቱ በር የሚልካ ዜማ ይወርዳል፤ ዶፓሚን ይለምናል፣ ልጓም ዝም ያሰኛል። ኤልዳና ከንፈሯን እየነከሰች ምሳቃውን ልትከድን እጇን ላከች። ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ያልፋል። ወጉም ደረሰ። አሁን ተነስታ ወደ ልጇ መሄድ ትችላለች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች ብሌን።

ኤልዳና ቀና አለች። ተረቱን ለማስታወስ ያህል ያለችው መሰላት፤ ብሌን ብዙ ነገር ታስታውሳለች። ነገር ግን ብሌን ወንበሯ ላይ ወደፊት ተስባ ነበር። ዓይኗ ምሳቃው ላይ ነው። እጇ የኤልዳናን ጉልበት ይዟል፣ አጥብቆ ይዟል፤ ጥፍሯ በቀሚሱ ላይ ይሰማል። ሁለተኛው ቀይ ነው። ቀይ ያስጠራል፣ ተጠርቶ የወደቀ ይረጋጋል፣ ይህን ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ ከብሌን በላይ የሚያውቅ የለም።

ከላይ ሚልካ ዘለለች፤ ወለሉ ጓ አለ፣ ሳቋ ተከተለ። ኤልዳና ደረቷ ውስጥ ያ ነገር ሲዘል ሰማችው፣ ልብ ብላ ሰማችው፣ እንዳይረሳት። እጇ ግን ክዳኑን ትቶ እንጀራውን እየጠቀለለ ነበር።

«ድገሚኝ እንጂ!» አለች ብሌን፣ ትዕግሥት ባጣ ድምፅ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»